የይሁዳም እግር ታጥቧል

ሰሙነ ሕማማት ላይ ነን። ከሰኞ ጀምሮ ምእመናን ሲገናኙ መሳሳም ትተዋል፤ ይሁዳ ጌታውን በመሳም አሳልፎ መስጠቱ የሚታሰብበት ሳምንት ነውና። ሐሙስ እግር የማጠብ ሥርዓት አለ፤ በየቤቱም ጉልባን ይቀቀላል። ዓርብ ስግደት ነው። ቅዳሜ ቄጤማ ይታደላል፤ ሌሊቱን ዶሮ ሲጮኽ ጾም ይፈታል። ይህን ቅደም ተከተል ከልጅነታችን ጀምሮ ስለምናውቀው ብዙዎቻችን ትርጉሙን ቆም ብለን አንጠይቅም። በዚህ ሳምንት ሐሳባችን ያለው በበግና በዶሮ ዋጋ ላይ ነው።

እኔም ከዚህ የተለየሁ አይደለሁም። የሃይማኖት መምህርም አይደለሁም፤ ሕግ ተምሬ በሕግ እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ። ይሁን እንጂ ጸሎተ ሐሙስ በደረሰ ቁጥር አንድ ጥያቄ ከሙያዬ ጋር እየተጋጨ ያስቸግረኛል። ሰው ለሰው የሚያደርገው ነገር ግዴታ መሆኑ የሚያበቃው የት ላይ ነው? ፍቅር የምንለውስ የሚጀምረው ከየት ነው? ዛሬ ይህን ጥያቄ ከአንባቢዎቼ ጋር ላየው እፈልጋለሁ። ለማየት የሚረዳኝ አንድ ሸለቆ አለ፤ ከከሚሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንጓዝ ከመንገዱ ዳር ተዘርግቶ የምናየው ጨፋ ነው።

ፎጣውና ውኃው

አስቀድመን ሥርዓቱን እንመልከት። በዮሐንስ ወንጌል 13ኛ ምዕራፍ እንደተተረከው ኢየሱስ ሊያዝ ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት ከማዕድ ተነሥቶ፣ መደረቢያውን አስቀምጦና ወገቡን በፎጣ ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር በውኃ አጠበ። በዚያ ዘመን ሰው በክፍት ጫማ አቧራማ መንገድ ተጉዞ ሲመጣ እግሩን ማጠብ የቤቱ ጌታ ሥራ አልነበረም፤ የባሪያው ነበር። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በገጠር ያደገ ሰው ሩቅ መንገድ ተጉዞ የመጣ እንግዳ ሲገባ ውኃ ሞቅ ተደርጎ እግሩ እንደሚታጠብ ያውቃል። የሚያጥበው ግን አባወራው አይደለም፤ በቤቱ ውስጥ በዕድሜ ወይም በደረጃ ትንሹ ነው። አባወራው ራሱ ተነሥቶ ልጠብ ቢል እንግዳው ደንግጦ እግሩን ይሰበስባል።

ጴጥሮስም ያደረገው ይህንኑ ነው። እግሬን አንተ አታጥብም ብሎ ተከላከለ። ኢየሱስ ግን ካላጠብሁህ ከእኔ ጋር ድርሻ የለህም የሚል ሐሳብ ያለው መልስ ሰጠው። አጥቦ ከጨረሰ በኋላም እናንተም እርስ በርሳችሁ እንዲሁ አድርጉ አላቸው።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ይህ ትእዛዝ በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ ይፈጸማል። ውኃው ከተጸለየበት በኋላ ጳጳሱ ወይም ካህኑ ዝቅ ብሎ የምእመናንን እግር ያጥባል፤ የወይራና የወይን ቅጠልም የሥርዓቱ ክፍል ነው። ፓትርያርኩም ራሳቸው ያጥባሉ። ካቶሊካውያን በዚሁ ዕለት ተመሳሳይ ሥርዓት አላቸው፤ የአድቬንቲስት ምእመናን ደግሞ ከጌታ እራት በፊት እርስ በርሳቸው እግር ይተጣጠባሉ።

አንድ ነገር ልብ እንበል። ዛሬ በከተማችን “አገልጋይ” ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው ማይክሮፎን የጨበጠ ሰው ነው። “ዲያቆን” የሚለው ቃል ግን ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ አገልጋይ ማለት ነው። በሐዋርያት ሥራ 6ኛ ምዕራፍ ሰባቱ ሲመረጡ የምርጫው ምክንያት በየዕለቱ በሚታደለው ምግብ መበለቶች ተረስተዋል የሚል አቤቱታ ነበር። በሌላ አነጋገር፣ የመጀመሪያው አገልግሎት ማዕድ ማካፈል ነበር።

የማውቀው አንድ ድስት

አሁን ወደ ጨፋ ልመለስ። በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ብዙም ሳልቆይ፣ ለአንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ በአውቶቡስ ወደ ደሴ እጓዝ ነበር። ዐቢይ ጾም ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። ከሚሴን አለፍ እንዳልን መኪናው ተበላሸና ሾፌሩና ረዳቱ ከሥሩ ገቡ። አንድ ሰዓት ሁለት ሰዓት እያለ መሸ። አንዲት ጠና ያሉ ሙስሊም ሴት ከመንገዱ ዳር ካለው ቤታቸው ወጥተው ወደ እኛ መጡና “ጾመኛ ስንት ናችሁ?” ብለው ጠየቁ። ጥያቄው አልገባኝም ነበር። ተመልሰው ገቡ። ጥቂት ቆይተው የበቆሎ ንፍሮ በትልቅ ሰፌድ አስይዘው መጡ። ከመቁረሳችን በፊት የተናገሩት ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም፦ “ድስቱ አዲስ ነው፤ ሥጋም ወተትም አልነካውም፤ አይዟችሁ ብሉ።”

እኔ እንደ ከተሜ ወጣት ጠበቃ ከኪሴ ብር አወጣሁ። ሴትዮዋ ፊታቸውን አዞሩ። ከጎኔ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ በለሆሳስ “ልጄ፣ ብሩን ወደ ኪስህ መልስ፤ እንግድነትህን ተቀበል” አሉኝ።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ስሜት የተረዳሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ የጴጥሮስን እንቢታ ሳነብ ነው። ብሩን ያወጣሁት ከደግነት አልነበረም። ባለዕዳ ሆኖ መቅረት ስላልፈለግሁ ነበር። ገንዘብ ከፍሎ የበላ ሰው ለማንም ዝቅ ማለት የለበትም፤ በነፃ የተቀበለ ግን ሰጪውን ቀና ብሎ ማየት ይኖርበታል። ማገልገል ከባድ ነው እንላለን፤ መገልገልም የራሱ ክብደት አለው። ደግሞስ ሴትዮዋ የሰጡኝ ንፍሮ ብቻ ነበር? የእኔን ጾም፣ የእሳቸው ያልሆነውን እምነት፣ በአዲስ ድስት ጠብቀውልኛል።

ሕጉ የቆመበት ቦታ

በሉቃስ ወንጌል 10ኛ ምዕራፍ ለኢየሱስ ከባድ ጥያቄ ያቀረበው የእኔው የሙያ ባልደረባ ነው፤ ሕግ አዋቂ ይለዋል። ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ የሚለውን ትእዛዝ ያውቀዋል። ያልገባው ነገር ባልንጀራ የሚባለው ማን እንደሆነ ነው። እኛ የሕግ ሰዎች ይህን ጥያቄ በደንብ እናውቀዋለን። በአገራችን አዋጆች ሁለተኛው አንቀጽ ብዙውን ጊዜ “ትርጓሜ” የሚል ነው። ግዴታው የሚመለከተው ማንን እንደሆነ ሲታወቅ የማይመለከተው ማን እንደሆነም አብሮ ይታወቃል። ሰውየው የፈለገው ይህን ወሰን ነበር። የተመለሰለት ግን ሽፍቶች ደብድበው የጣሉትን መንገደኛ አንስቶ፣ ቁስሉን አስሮና በራሱ እንስሳ አስቀምጦ፣ ለእንግዳ ማረፊያው ሒሳብ የከፈለው ሳምራዊ ታሪክ ነው። አይሁድና ሳምራውያን ደግሞ የማይተባበሩ ሕዝቦች ነበሩ። ታሪኩ ሲያልቅ ጥያቄው ተገልብጦ ለጠያቂው ተመለሰለት፤ ለወደቀው ሰው ባልንጀራ የሆነው ማን ነው?

የእኛ ሕግስ ምን ይላል? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 በሕይወቱ፣ በአካሉ ወይም በጤንነቱ ላይ ከባድና ቅርብ አደጋ የተጋረጠበትን ሰው መርዳት እየቻለ ሆን ብሎ ጥሎት የሄደን ሰው ይቀጣል። ከሙያው ወይም ከውሉ የተነሣ የመርዳት ግዴታ ያለበት ሲሆን ጥፋቱ ይከብዳል። ጥሩ ሕግ ነው፤ እንዲህ ዓይነት ግዴታ በወንጀል ሕጋቸው የሌላቸው አገሮች ብዙ ናቸው። ይሁን እንጂ አንቀጹ አንድ ወሰን አለው፤ ግዴታው የሚኖረው ረዳቱ በራሱም ሆነ በሌላ ሰው ላይ አደጋ ሳያመጣ መርዳት ሲችል ነው።

ይህን ወሰን አልቃወመውም። ሕግ ማንንም ሰው ስለ ሌላው ራሱን እንዲጎዳ ሊያዝዘው አይገባም፤ ካዘዘው ጭቆና ይሆናል። ነገር ግን ይህ ወሰን ባለበት ቦታ ላይ ሌላ ነገር ይጀምራል። ሳምራዊው ሽፍቶች ባሉበት መንገድ መቆሙ፣ ኢየሱስ በማግስቱ ወደ ቀራንዮ መሄዱ፣ ሕጉ “ከዚህ በኋላ አትገደድም” ካለበት መስመር ወዲያ ነው። የሰሙነ ሕማማት ጉዳይ በአጭሩ ይህ ይመስለኛል። ሕግ የማያስገድደውን፣ ዋጋ የሚያስከፍለውን ወዶ ማድረግ።

ሣር የሚካፈሉ ሰዎች

ጨፌ የሚለው ቃል በኦሮምኛም በአማርኛም ውኃ ያዘለ ለምለም መስክ ማለት ነው። ጨፋም እንዲሁ ነው። የቦርከና ወንዝ ከደሴ አካባቢ ተነሥቶ፣ ኮምቦልቻን አልፎ፣ ወደ አዋሽ ከመቀላቀሉ በፊት በዚህ ሸለቆ ሜዳ ላይ ይንጣለላል። ዙሪያው ሲደርቅ ጨፋ አረንጓዴ ነው። ስለዚህ በበጋ የአፋር፣ የኦሮሞና የአርጎባ ከብት አርቢዎች ከብቶቻቸውን እየነዱ ወደዚያ ይወርዳሉ። በ1994 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2002) በነበረው ድርቅ የተባበሩት መንግሥታት የኢትዮጵያ የአስቸኳይ ጊዜ ክፍል ባወጣው ዘገባ ሸለቆው የ50,000 አርብቶ አደሮችና የ200,000 እንስሳት መጠጊያ ሆኖ እንደነበር አስፍሯል።

ከዚህ ቁጥር በስተጀርባ ያለውን እናስበው። የሸለቆው ነዋሪ በድርቅ ዓመት የራሱ ከብት የሚበላው ሣር በቂው አይደለም። ሣሩንና ውኃውን ከመጣው ጋር ሲካፈል ከትርፉ ሳይሆን ከጉድለቱ ነው የሚሰጠው። ነገሩን ገነት አድርጌ መሳል አልፈልግም። በግጦሽና በውኃ ጠብ ይነሣል፣ ሰው ይሞታል፤ እርሻ እየሰፋ ረግረጉም እየጠበበ ሲሄድ ጠቡ ይብሳል። ቢሆንም ጠቡን የሚያበርዱ ሽማግሌዎች፣ በወሎ አበጋር የሚባለው ሥርዓት፣ ሲያስታርቁ ኖረዋል። በወሎ ብዙ መንደሮች ቅሬ የሚባለው የቀብር ማኅበርም አለ፤ አዲስ አበባ ዕድር እንደምንለው ያለ ነው። ክርስቲያኑ ለሙስሊሙ መቃብር ይቆፍራል፤ ሙስሊሙም ለክርስቲያኑ። ሟች ውለታ አይመልስም፤ ቢሆንም ይቆፈርለታል።

የከሚሴ አካባቢ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው። እንግዲህ አንባቢ፣ ስለ ክርስቲያናዊ ፍቅር ለመጻፍ ለምን ወደዚያ ሄድህ ይለኝ ይሆናል። መልሴ አጭር ነው። በወንጌሉ ታሪክም ምሳሌ ሆኖ የቀረበው ካህኑ ወይም ሌዋዊው አልነበረም፤ ሳምራዊው ነበር።

2013

ይህን ሁሉ ብዬ ማቆም ብችል ደስ ባለኝ። ግን ይህ ሸለቆ ከጥቂት ዓመታት በፊት የሆነውን ሳይጠቅሱ ስለ ፍቅሩ ብቻ መጻፍ ሐሰት ይሆናል።

በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ ወራት በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንና በሰሜን ሸዋ አዋሳኝ ወረዳዎች ከባድ ግጭት ተነሣ። የአጣዬ ከተማ ብዙው ክፍል በሚያዝያ ተቃጠለ። በአጣዬ፣ በካራቆሬ፣ በጅሌ ጥሙጋና በአካባቢው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ አማራውም ኦሮሞውም ሞተ፤ እጅግ ብዙ ሰው ተፈናቀለ። ቀኖቹን አስታውሱ። ረመዳን የገባው ሚያዝያ 5 ቀን ነበር፤ ትንሣኤ ደግሞ ሚያዝያ 24 ቀን። አጣዬ ስትቃጠል ሁለቱም ወገኖች ጾም ላይ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ወራት ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ኮምቦልቻንና ከሚሴን አልፎ ወደ ሰሜን ሸዋ ወረደ።

በዚያ ሰሞን አዲስ አበባ ቤቴ ተቀምጬ ዜናውን ስሰማ የማስበው ስለ አንዲት ሴትና ስለ አንድ አዲስ ድስት ነበር። በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም፤ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅሁም ነበር። በየሻይ ቤቱ “እነዚያ” የሚል ቃል በሰማሁ ቁጥር “እነዚያ” ከተባሉት ውስጥ አንዷ ጾሜን የጠበቁልኝ ሴት መሆናቸውን ማስረዳት ያምረኝ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ግን ዝም አልሁ። ይህ ዝምታዬ በአንቀጽ 575 አያስከስስም። ቢሆንም በጸሎተ ሐሙስ ያስጠይቀኛል ብዬ አምናለሁ።

የሐሙሱ አስቸጋሪ እግር

ከላይ ያዘገየሁት ነገር አለ። በዮሐንስ ትረካ ይሁዳ ከማዕዱ የወጣው እግር ከታጠበ በኋላ ነው። እንግዲህ ጌታ ከጴጥሮስና ከዮሐንስ እግር ጋር የይሁዳንም እግር በእጁ ይዞ ነበር ማለት ነው። ሊያደርግ ያሰበውንም ያውቅ ነበር። በዚህ ሳምንት የይሁዳን መሳም አስበን ከመሳሳም እንታቀባለን፤ በይሁዳ እግር ላይ የፈሰሰውን ውኃ ግን የምናስበው ስንቶቻችን ነን?

ይህ ማለት ጥፋት አይጠየቅ ማለት አይደለም። እንደ ሕግ ሰው ቤት ያቃጠለና ሰው የገደለ በፍርድ ቤት መቆም አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ተጎጂውን ይቅር በል ብሎ ማስገደድም ሌላ በደል ነው። ፍርድና ፍቅር ግን አይተካኩም። ፍርድ ቤት ቅጣት ሊወስን፣ ካሣ ሊያስከፍል ይችላል፤ በአጣዬና በሰንበቴ ያሉ ጎረቤቶችን መልሶ አንድ ገበያ ላይ ማገናኘት ግን በፍርድ ውሳኔ አይፈጸምም። ያን ሊያደርግ የሚችለው ቀድሞ ዝቅ የሚል ሰው ነው።

በቅርቡ ታሪክ ይህን በዓይናችን አይተናል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 የካቶሊኩ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በጦርነት የተፋጁትን የደቡብ ሱዳን መሪዎች፣ ሳልቫ ኪርንና ሪክ ማቻርን ጨምሮ፣ ቫቲካን ጠርተው በዕድሜ የደከመ ጉልበታቸውን አንበርክከው እግራቸውን ሳሙ። እኚሁ ሰው በ2016 በጸሎተ ሐሙስ ሮም አቅራቢያ በሚገኝ የስደተኞች ማቆያ የአሥራ ሁለት ሰዎችን እግር ሲያጥቡ ከመካከላቸው ሙስሊሞችና የሂንዱ እምነት ተከታይ ነበሩ፤ ሦስት ኤርትራውያን ሴቶችም ነበሩበት። እግር መሳሙ ለደቡብ ሱዳን ዘላቂ ሰላም አላመጣም። ነገር ግን የፍቅር መለኪያው የተቀባዩ መልስ ቢሆን ኖሮ የይሁዳ እግር ባልታጠበ ነበር።

የእኛ ወንበር

ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ አብዛኞቹ ሰዎች እንደ እኔ ወንበርና ጠረጴዛ ያላቸው ናቸው ብዬ እገምታለሁ። ለአንዳችንም ከሚሴ ወርደን እንድናስታርቅ አልተጠየቅንም። የእኛ ጸሎተ ሐሙስ ያለው ወረፋ በሚሰለፍበት ኮሪደር ላይ ነው።

“ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚለው ተረታችን ወንበርን የሚያየው እንደ ማዕድ ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ግልጽ፣ ባለሥልጣንም ተጠያቂ እንዲሆን ይደነግጋል፤ በየመሥሪያ ቤቱም የአገልግሎት መስጫ ጊዜ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ቢሆንም ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን በማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት አንድ ጡረተኛ ለአንድ ፊርማ ስድስት ጊዜ ሲመላለሱ አይቻለሁ። “ነገ ይምጡ” የሚላቸው ወጣት አንድም ሕግ አልጣሰም፤ ፈራሚው በእርግጥ አልነበረም። በስድስተኛው ቀን የጥበቃ ሠራተኛው የራሱን ወንበር አምጥቶ አስቀመጣቸውና ፋይላቸውን ይዞ ከቢሮ ቢሮ ዞረላቸው። ሥራው አልነበረም፤ አለቃውም በኋላ ተቆጥቶታል። ፎጣ የታጠቀው እሱ ነበር። እኔ ምን አደረግሁ? ሰዓቴን አይቼ ወደ ጉዳዬ ሄድሁ።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት አንድ የቤት ሥራ ለራሴ ሰጥቻለሁ፤ ከፈለጋችሁ ተካፈሉኝ። እግሩን ሳላጥብ የማልፈው ሰው ማን እንደሆነ በስሙ መጥራት። ምናልባት ዓመት ሙሉ ያላናገርሁት ጎረቤት ነው፤ ምናልባት “እነዚያ” ብዬ የማልፈው ብሔር ወይም እምነት ነው፤ ምናልባት ነገ ከቢሮዬ በር ላይ የሚቆም ባለጉዳይ ነው። ከዚያም ሕግ የማያስገድደኝን፣ ጥቂት የሚያስከፍለኝን አንድ ነገር ማድረግ።

ቅዳሜ ካህናቱ ቄጤማ ያድሉናል። ራሳችን ላይ እናስረዋለን፤ ለኖኅ የጥፋት ውኃ መጉደሉን ያበሰረችውን የርግብ ቅጠል፣ የሰላሙን ምልክት እያሰብን። ቄጤማ የሚበቅለው እንደ ጨፋ ባለ ውኃ ባዘለ ዝቅተኛ ቦታ ነው። በዚያው ሸለቆ ዛሬም ቤታቸውን መልሰው የሚሠሩ ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች አሉ። ቄጤማውን ስናስር እነርሱንም እናስብ።

መልካም የትንሣኤ በዓል።